ከዕቅድ በላይ የሞቀችው ዶሮ

ይህ ታሪክ ከአፍ እስከ ገደፉ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የጓሳ ጭጋግ ውጦ ያስቀረኝ። ደግሞስ አራተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማረ ሰው ምን ጎድሎበት ይዋሻል?

በኢሕአዴግ ዘመን፣ በመንዝ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ዘራቸው ከሆላንድ የሆነ ዌልሰመር የሚባሉ ዶሮዎች አስመጣ። እንቁላላቸው እንደ አዲስ ገንቦ ደማቅ ቡናማ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ኃይለመስቀል፣ አርቆ አሳቢነታቸው ከኮፍያቸው ጠርዝ አልፎ የሚሄድ ሰው፣ ዶሮዎቹን ለእትዬ ጠጄ አስረከቡና መመሪያ ሰጡ።

«እንቁላሉ ከገረጣ ዘሩ ተበክሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ ገብስማው አውራ ዶሮዎ ይታረዳል።»

«ምን አጠፋ?»

«አጥር ላይ ወጥቶ ይጮሃል። ትምክህተኛ ነው።»

«ልጅ የለኝ፣ ሰዓት የለኝ! እሱ ካልጮኸ ለኪዳን ማን ይቀሰቅሰኛል?»

«የግንዛቤ እጥረት አለብዎት።»

ዌልሰመር እየጣለች በሄደች ቁጥር የእንቁላሏ ቀለም ይሳሳል። ይህን ዶሮዋ ታውቃለች፤ መመሪያው አያውቅም። ሁዳዴ ገባ፣ እንቁላሉ ገረጣ፣ ከዞን እንግዳ ይመጣል ተባለ። እትዬ ጠጄ ለአውራ ዶሮዋ አንገት ስትል እንቁላሎቹን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ድስት ውስጥ ጨምራ ቀቀለቻቸው። ገንቦ መስለው ወጡ።

እንግዳው አገላብጦ አየ። ሰብሬ ጥራቱን ልይ የሚል አልተገኘም፤ በጾም እንቁላል ላይ ማን እጁን ያነሳል?

«ይህ ምርጥ ተሞክሮ ይስፋ!» አለ። «ከዶሮዎቹ አንዷ በሙሉ አቅሟ ትታቀፋቸው!»

«ሁሉንም?»

«አንድም ሳይቀር!»

የእትዬ ጠጄ ፊት እንደ እውነተኛው እንቁላል ገረጣ።

ዶሮዋ ታቀፈች። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ፤ እሷ እንደታቀፈች ናት። ሪፖርቱ «ጫጩቶቹ በዝግጅት ምዕራፍ ላይ ይገኛሉ» አለ። በመጨረሻ ግምገማ ተጠራ። አውራ ዶሮው ጫጩት የጠፋው በእሱ ነው ተብሎ እግሩን ታስሮ ቀረበ፤ ቢላዋው ተስሎ ተቀምጧል። አቶ ኃይለመስቀል አንዱን እንቁላል በእስክሪብቶ ሰበሩት።

ድርቅ ያለ ቅቅል! አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ያዘ።

«ዶሮ ስትታቀፈው እንቁላል ይቀቀላል እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ጥያቄው በጊዜ እጥረት ታለፈ።

እትዬ ጠጄ ብድግ አለች። «በሙሉ አቅሟ ትታቀፍ አላላችሁም? ይኸው ታቀፈቻ!»

አቶ ኃይለመስቀል ግንባራቸውን አሹ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች! ዶሮዋ የሙቀት ግቧን ከዕቅድ በላይ ፈጽማለች!»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሽታው «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር ተካተተ። ዶሮዋ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። አውራ ዶሮው ተፈታ፤ በረረና አጥሩ ላይ ወጥቶ ጮኸ። የድጋፍ ድምፅ ተብሎ ተመዘገበለት።

ሁሉም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት ያን ከኋላ የጠየቀውን ሰውዬ ብቻ ነው። ማንም አልጠየቀም።