በፎሌ የወረደ ሽምግልና

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። የቀበና ጎረቤቴ ናቸው፤ ሚኒባስ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ ወጥተዋል ስል ግን ተሳሳትኩ። ጡረታ የወጣው መኪናው ነው እንጂ እሳቸው ዛሬም ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፍሬን ይረግጣሉ።

ለመሆኑ የድሮ ሾፌር በምን ይታወቃል? በዳገት እንዳትሉኝ። ዳገትማ ቤንዚን ያለው ሁሉ ይወጣዋል። የሚታወቀው በቁልቁለት ነው። የድሮ ሾፌሮች ከእንጦጦ ሲወርዱ ማርሹን ፎሌ ላይ ያደርጉታል፤ ሞተሩ ከጎማው ይላቀቅና መኪናው በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል። ነዳጅ ይተርፋል። ደግ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ ትራፊክ ፖሊስም አይወደውም። ጋሽ ታደሰ ግን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እስከ ቀበና ድልድይ ያለ ጠብታ ቤንዚን መውረዳቸውን ሲያወሩ፣ ሌላው ሰው ልጁ ዶክተር መሆኑን ሲያወራ ነው የሚመስሉት።

የእህታቸው ልጅ ኤልያስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ታክሲ ይሠራል። ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን በእነዚህ ድምፅ አልባ መኪኖች ተሞልቷል። ኤልያስ ሜሮን የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። አስቸጋሪው አባቷ ነበሩ። አቶ በላቸው ቤታቸው ከኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ የእህል መደብራቸው ደግሞ ሾላ ገበያ ነው። ልጁን አልጠሉትም፤ መተዳደሪያውን ነው የጠሉት። እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ የሚሰካ መኪና ትዳር አያቆምም ይሉ ነበር አሉ። ደግሞስ ድምፅ የለው። ኮቴያቸው ሳይሰማ የሚመጡት ድመትና ሌባ ብቻ ናቸው።

ሽማግሌ ተላከ። ጋሽ ታደሰ፣ የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስና የእድሩ ሊቀ መንበር። በወጋችን ደግሞ ጠያቂው ጎረምሳ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ መኪናውን ጋሽ ታደሰ ነዱት። ኤልያስ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪው እንዳልሞላ፣ ሲወርዱ ግን እንደሚስተካከል ሊያስረዳቸው ጀምሮ ነበር። አላስጨረሱትም።

«አንተ ልጅ፣ ስለ እንጦጦ ቁልቁለት እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አይ፣ ዓርብ ነው፤ ቄሱ እህል ያልቀመሱት ጾም ስለነበር ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለምና አቶ በላቸውም «እንመካከርበታለን» አሉ። ከዚያ ወደ መደብራቸው ሊወርዱ ሲነሱ ጋሽ ታደሰ እናድርስዎ አሏቸው። እምቢ ማለት ነውር ነው። አቶ በላቸው ከፊት ወንበር ላይ ተደላደሉና፣ «እስቲ ይህቺ ድመታችሁ ሾላ ካደረሰችኝ በነገሩ አስብበታለሁ» አሉ።

የኤልያስ ዕጣ እንግዲህ በአንድ ቁልቁለት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ጋሽ ታደሰ በዚህች ሰዓት የዕድሜ ልክ ጥበባቸውን ካላወጡ መቼ ሊያወጡት ነው? የዚህች መኪና ማርሽ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የምትዞር ክብ ነገር ናት። ዞር አደረጓትና ፎሌ። መኪናዋ በባሕር ዛፉ መሃል ያለ ድምፅ ተንሸራተተች። አቶ በላቸው እንኳ እውነትም አታናውጥም ብለው አመሰገኑ። እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ ልጅቷ ልትሰጥ ምንም አልቀራትም።

ከድልድዩ ወዲያ ግን ዳገት አለ። መኪናዋ ጀመረችውና አቃሰተች። አቃሰተች ማለቴ ስህተት ነው፤ ማቃሰትስ ድምፅ ይፈልጋል። ዝም ብላ ቆመች።

«ሞተች?» አሉ አቶ በላቸው።

«ደክሟት ነው» አሉ ቄሱ።

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ በቆመ መኪና ደግሞ መካሪ። አንዱ መንገደኛ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ግፉት ይላል፤ ሌላው ውሃ ጨምሩበት ይላል። ሁለተኛ ማርሽ ከየት ይምጣ? የኤልያስ እናት ቤት ቅርብ ስለነበር ወደዚያው እንግፋት ተባለ። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መግፋት ሲጀምሩ አቶ በላቸው ቆመው ሊያዩ ነው? ኮታቸውን አውልቀው ገቡበት። ሰውየው ግዙፍ ናቸው፤ መኪናዋ እንደ ጋሪ ተፈተለከች።

አሁን የኤልያስን እናት ወይዘሮ አስካለን አስቡልኝ። የግቢያቸውን በር ሲከፍቱ የልጅቷ አባት፣ ከሰርግ በፊት የወንዱን ቤት ደጅ የማይረግጡት ሰው፣ በሸሚዝ ሆነው የኤልያስን መኪና እየገፉ ሊያስገቡ ነው። ምን ይበሉ? እልል አሉ። ከግራ ጎረቤት እልልታው ተመለሰላቸው፤ ከቀኝም ተመለሰላቸው።

አቶ በላቸውስ ምን ይበሉ? እልልታችሁን መልሱ አይባልም። ላባቸውን ጠርገው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ሽሮ ቀመሱ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ይኼኔ ነው።

ቤት ሆኖ ሲጠብቅ የነበረው ኤልያስ መኪናዋን ሰክቶ፣ የባትሪውን ቁጥር አይቶ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ፎሌ አስገቡ እንዴ?»

«ከላይ እስከ ታች» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ልጁ ራሱን ያዘ። መኪናዋ ማርሿ ሳይነካ ቁልቁለት ስትወርድ የገዛ ጎማዋ ባትሪዋን እንደሚሞላላት፣ ፎሌ ከገባ ግን ያ ሁሉ ቁልቁለት በከንቱ እንደሚፈስ አስረዳ። የተሳፈረው ሰው በከበደ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ትሞላለች አለና፣ አቶ በላቸውን ቀና ብሎ ሲያይ ደነገጠ።

አቶ በላቸው ግን አልተቆጡም። ነጋዴ አይደሉ? የሰሙት ሌላ ነገር ነው።

«ስትወርድ ታተርፋለች ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እልልታው ባለበት ይቆይ። ቁልቁለቱን በዓይኔ ልየው።»

ለሁለተኛው ሽምግልና የእድሩን ሊቀ መንበር አሟቸው እኔ ተተካሁ። ወጣን፣ ቆመን ተናገርን። ማን ሰማን? አቶ በላቸው ኮታቸውን ለብሰው መኪናዋ ወዳለችበት ያያሉ። ስንወርድ የጋሽ ታደሰ ቀኝ እጅ ወደ ማርሹ እየሄደ፣ እያፈረ ይመለሳል። አቶ በላቸው ዓይናቸውን ከባትሪው ቁጥር ላይ አልነቀሉም፤ ከፍ ባለ ቁጥር «ጨመረች» ይላሉ። ሳይንስ ሳስተምር ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ እያልኩ ስንቱን ክፍል አስደግሜያለሁ። ሲለወጥ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ድልድዩን አልፈን ዳገቱን ወጣን። ሾላ፣ መደብራቸው ደጃፍ ላይ ሲወርዱ ቄሱን ጨብጠው፣ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። «ቁልቁለት ላይ የሚያተርፍ ነጋዴ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ከዚህ ታሪክ ቁጠባ ማለት መያዝ እንጂ መልቀቅ አይደለም የሚል ትምህርት ላወጣ አስቤ ነበር። ተውኩት፤ አቶ በላቸው የተሻለ አውጥተዋል። ዛሬ የኤልያስና የሜሮን ልጅ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ክርስትና ተነሳች። ድግሱ በአያቷ በአቶ በላቸው ቤት ነበር። ስንመለስ የነዱት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ አቶ በላቸውም ከጎናቸው ተቀምጠው፣ ፎሌ እንዳያስገቡባቸው እስከ ቀበና ድረስ መዳፋቸውን ከማርሹ ላይ አላነሱም። ቤቴ እንደገባሁ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ወንበሬ ላይ እንደ ልቤ ማጎንበስ ግን አልቻልኩም፤ ሆዴ ከብዶኛል። ከመነሳታችን በፊት አቶ በላቸው ሲያጎርሱኝ በቃኝ ብዬ እጃቸውን ብይዝ፣ «መምህር፣ ይጉረሱ እንጂ» አሉኝ፤ «ለእርስዎ መሰለዎት? ለባትሪው ነው።»