እትዬ ጓት እና የባሌ ሳቅ

ተረት የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ ሞልቷል። ተረት የሚያርም ግን አንድ ይበቃል፤ ሁለት ከሆኑ መንደር ይፈርሳል። የእኛዋ አራሚ ክብርት ጎረቤቴ እትዬ ጓት ናቸው። «እንዲህ አይደለም!» ሳይሉ ውለው አያውቁም።

የመንደሩን ልጆች ሰብስቤ፣ አክስት መስላ ቤት የገባችውን ነብር አወራላቸዋለሁ። በጨለማ የሕፃን ጣት ስትቆረጥም፣ የሕፃኑ እህት ምን ትበያለሽ ብትላት «ዝንጅብል» አለች፣ እላለሁ። እትዬ ጓት በአጥሩ ብቅ ይላሉ።

«እንዲህ አይደለም! ኦቾሎኒ ነው። ዝንጅብል እንዲህ ይጮኻል?» ከኪሳቸው አውጥተው ቀርጠፍ! ልጆቹ እየጮኹ ወደ እሳቸው።

ወደ ጨረቃ ጣቱን የቀሰረ ልጅ፣ ሌሊት ጨረቃ ጆሮው ሥር ትቆርጠዋለች ይባላል። ጥፋተኛው ሁሉ ጠዋት ጆሮውን ለማስመርመር የሚሰለፈው እሳቸው ደጅ ነው። ጆሮ ማየት እኔንም አያቅተኝም ነበር።

ይህንስ በቻልኩት። ባሌ ቲያም-ሆክ ግን የእኔን ነብር ሲሰማ ያንቀላፋ ነበር፤ የእሳቸውን ሲሰማ ሳል እስኪይዘው ይስቅ ነበር።

በሞተ በዓመቱ ማዕዱን በፎቶው ፊት ደረደርኩ፤ ሩዝ፣ ዓሣ፣ የሚወደው የቀርከሃ ቡቃያ ሾርባ። በእኛ ልማድ ሟቹ ጠገብኩ ሳይል ቤተሰብ አይቀምስም። የሚጠየቀው ባንድ ጎናቸው ልሙጥ፣ በሌላው ጎባጣ የሆኑ ሁለት እንጨቶች ተጥለው ነው፤ አንዱ በልሙጡ፣ አንዱ በጎባጣው ካረፈ «አዎ» ማለት ነው።

«ጠገብክ?» ብዬ ጣልኩ። ሁለቱም በልሙጣቸው ተደፉ፤ እምቢ አለ። ሾርባ ጨመርኩለት። አሁንም እምቢ። ዓሣው ቀዘቀዘ፤ ልጄ መሬት መሬቱን ያያል። ዕድሜውን ሙሉ እኔ ቤት ሳይጠግብ ኖሮ ይሆን?

«እንዲህ አይደለም!» አለ አጥሩ።

«ዛሬስ ይተዉኝ፣ እትዬ። ባሌ ነው።»

«ባልሽማ ነው። ተረት ሳይሰማ መቼ ከገበታ ተነስቶ ያውቃል?»

ገብተው ነብሯን ጀመሩ። ኦቾሎኒው ጋ ሲደርሱ ቀረጠፉና «ጣይ!» አሉኝ። ሁለቱም በጎባጣቸው ወድቀው ተወዛወዙ። በእንጨቶቹ ቋንቋ ይህ ሳቅ ነው።

ሞቶም ለእሳቸው ሳቀ!

«መጨረሻውን አንቺ ንገሪው፣ ሊየን» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ካሳቅሁት በኋላ የሚያስተኛው ያንቺ ድምፅ ነው። በአጥሩ እሰማ የለ? ስንቴ ቀናሁብሽ።»

አምልጣ ዛፍ ላይ የወጣችው እህት በነብሯ አፍ የፈላ ዘይት እንዳፈሰሰች ነገርኩት። እንጨቶቹን ጣልኩ። አንዱ በልሙጡ፣ አንዱ በጎባጣው።

ዘንድሮም ዓመቱ ደርሷል። ለእትዬ ጓት ወንበር አስቀድሜ አኑሬያለሁ። ሾርባው ላይ ግን ዝንጅብል አብዝቻለሁ።