የክት ኮምፒዩተር

አዲሱን ጋቢ ለክት አስቀምጦ በደብረ ብርሃን ብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይታችሁ አታውቁም? እኔ አውቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ታደሰ እንዲያ ነበሩ።

አሮጌዋ ኮምፒዩተራችን አንድ ሪፖርት እስክትጨርስ ጫጫ ደርሰን እንመለስ ነበር። ፕሮሰሰሩ ፈጣን የሆነ አዲስ ሲላክልን ግን ጓድ ታደሰ፣ «ይኼማ የክት ነው፤ ለእንግዳ ይቀመጥ» አሉ። ሚስቴ የሠራችውን ዳንቴል አልብሼ ቢሯቸው አስቀመጥኩት።

ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ዳንቴሉን ገልጦ፣ «ጓዶች፣ ይኼ እኮ ሳይሠራ አረጀ! ከዚህ የሚፈጥን ሌላ አምጥቼላችኋለሁ» ሲል ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን።

ጓድ ታደሰም አንገታቸውን ደፍተው፣ «እንግዲያው ይኼ ለዘወትር ይሁና» አሉ።

እኔስ? ከኀፍረቴ ብዛት ቀና ማለት አቅቶኝ ሳለ፣ እጄ ዳንቴሉን አንስቶ አዲሱን ያለብስ ነበር።