የክብር እንግዳው አውሮፕላን

ዛሬ የደረሰብኝን ከሌላ ሰው ከመስማታችሁ በፊት ከእኔ ስሙት። ቪዲዮው ቀድሞ ከደረሳችሁ ደግሞ ድምፁን አጥፉና ይህን አንብቡ። ያዋረደኝ ምስሉ አይደለም፤ ድምፁ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት በለጠፍኩት ጽሑፍ ነው። የዛሬው ጌም ተጫዋቹን እሹሩሩ እያለ ያሳድጋል፤ ሳንቲም የሚበላው የድሮ ማሽን ግን ሰውን ያለ ርኅራኄ ያስተምር ነበር ብያለሁ።

አሁንም እላለሁ። ከአቋሜ ንቅንቅ አላልኩም።

ልጄ ቤዛ ጽሑፉን አንብባ ላይክ ሳታደርገው አለፈች። ለነገሩ ሥራ በዝቶባታል። ከጓደኞቿ ጋር አዲስ አበባ ከተዘጋ አንድ መዝናኛ ቤት ሁለት አሮጌ የጌም ማሽኖች ገዝተው፣ በአይሱዙ አስጭነው ቦንጋ ድረስ አምጥተዋል። ዛሬ የመጀመሪያው ውድድር ነበር። የአዳራሹ ኃላፊ ዝግጅቱን አይቶ በየወሩ ይፍቀድላቸው ወይስ ማሽኖቹን ይዘው ይውጡ የሚለውን ይወስናል። ሰውዬው ደግሞ ጌም የሥራ ፈት ሥራ ነው ብሎ የሚያምን፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው።

ስለዚህ ጠዋት ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ታጨበጭባለህ። ንግግር የለም።»

«እኔ የምመጣው ለቲፎዞነት ነው። ቲፎዞ ምን ንግግር አለው?»

«አንተ ለቅሶ ቤት እንኳ ማይክ ትጠይቃለህ።»

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፣ ለቅሶ ቤት የምናገረው የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ስለሆንኩ ነው። ብዙ ዓመቴ ነው። ያለ እኔ ድንኳን አይተከልም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ዝናቡ ስላላቆመ በባጃጅ ሄድኩ። አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ማሽኖቹ ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንድ አውሮፕላን ከታች ወደ ላይ እየተኮሰ ይሄዳል፣ ከላይ የሚመጡበትን ጠላቶች ይጥላል፣ ካልጣላቸው ይጥሉታል። ሽልማቱ አንድ ባልዲ ማር። ሁሉም የቦንጋን ልጆች ስለደገፈ እኔ ከጎረቤት ከተማ ከዋጫ የመጣችውን ተወዳዳሪ መረጥኩ። ሰው ሁሉ ባጨበጨበበት ማጨብጨብ ይከብደኛል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ዝም አልኩ። ቤዛ ትመስክር።

ከዚያ የክብር እንግዳው ደወሉ። ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አይመጡም።

አገራችንን ታውቁታላችሁ። ያለ የክብር እንግዳ ምን ይከፈታል? ከፊት ወንበሩ ተዘጋጅቷል፤ የታሸገው ውኃ፣ ሶፍቱ፣ የፕላስቲክ አበባው ሰው ይጠብቃሉ። መድረክ መሪው ዓይኑን በአዳራሹ ላይ አንከራተተ። ሽበት ፍለጋ ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ ወደ ፊት ይምጡልን!»

ቤዛን ከሩቅ አየኋት። ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። እኔ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ሪባን ቆረጥኩ። ያኔ ወደ ወንበሬ ብመለስ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላነበባችሁ ነበር። መድረክ መሪው ግን «ውድድሩን በጨዋታ ይክፈቱልን» አለና ማይክሮፎኑን አፌ ሥር ያዘልኝ።

ማሽኑ ፊት ቁጭ አልኩና ጆይስቲኩን ጨበጥኩ። ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ ተነሳ።

ወገኖቼ፣ እንዴት እንደተዋጋሁ!

«እዚህ ጋ የዛሬ ልጅ ይቸኩላል» አልኩ በማይክሮፎኑ። «እኔ አልቸኩልም።» አውሮፕላኑ አልቸኮለም። «አሁን ወደ ግራ።» ወደ ቀኝ ሄደ። «ጠላትን ማዘናጋት ይባላል» አልኩ።

ተጨበጨበ። እኔም እንደ ደንቡ ተነስቼ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

አውሮፕላኑ ከኋላዬ መተኮሱን ቀጠለ።

ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ። ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሽበት ላለው፣ ሪባን ለቆረጠ ሰው ማን ምን ይበለው? ይሉኝታ የሚሉት ነገር አዳራሽ ሙሉ ሰው አፍ ይዘጋል።

ከእትዬ አስቴር በቀር። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ልጃቸው ተወዳዳሪ ስለሆነ መጥተዋል። ለእኔ የሚሆን ይሉኝታ ካለቀባቸው ቆይቷል።

«ጋሽ መኮንን፣ እጅዎን ሲያነሱም ይሄዳል እንዴ?»

«ልምድ ነው እትዬ» አልኩ። በማይክሮፎን።

«ሳንቲሙንስ መቼ ከተቱት?»

ዞር ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ከታች በኩል፣ ሳንቲም አስገቡ የሚል ጽሑፍ ቦግ እልም ይላል። ማሽኑ ደንበኛ ለመሳብ ብቻውን ሲጫወት ነበር። የድሮ ማሽን እንደዚያ ያደርጋል። አውቃለሁ። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት ጽሑፌ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ አለ፤ ሄዳችሁ እዩት።

በዚያው ቅጽበት አውሮፕላኑ ተመቶ ፈነዳ። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ጆይስቲኩ ትንሽ ይይዛል» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የአዳራሹ ኃላፊ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። ከቁጣ ይሁን ከሌላ አልለየሁም። ቤዛ ግን አልሳቀችም። ማሽኖቹን ስታስጠግን፣ ፈቃድ ስትለምን የከረመችበት ቀን በእኔ ምላስ ሲበላሽ ታየኝ። እዚህ ላይ ቀልዱ ለእኔ አበቃ።

በሰው መሀል መጣች። መዳፌን ከፈተችና አንድ ሳንቲም አስቀመጠችበት።

«አባዬ፣ አሁን ራስህ ተጫወት።»

አስገባሁ። አውሮፕላኑ ተነሳ። በዚህኛው ጊዜ የእኔ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ፤ ያዘዝኩትን በሙሉ አደረገ፣ ያዘዝኩት በሙሉ ስህተት ነበር። ወንበሩ ሳይሞቅ ሞትኩ።

ሕዝቡ ቆሞ ጮኸልኝ። ደጅ ከዝናብ የተጠለለው ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ገባ፣ ማሽኖቹን አይቶ ቀረ። መቆሚያ ጠፋ። ማሩን ማን ወሰደው? የዋጫዋ ልጅ። ለመዝገብ ያህል፣ እዚያ ላይ ትክክል ነበርኩ።

ሲያልቅ ኃላፊው ዓይኑን በሶፍት እየጠረገ ወደ ቤዛ መጣ።

«በየወሩ ተፈቅዶላችኋል። ግን ሁልጊዜ ጋሽ መኮንን ይክፈቱት።»

«በሳንቲም ወይስ ያለ ሳንቲም?» አለች ልጄ። ያኔ ነው የሳቀችው።

«ያለ ሳንቲም።»

እትዬ አስቴር ባጃጅ ተጋርተውኝ ተመለሱ።  ደጃቸው ላይ ሲወርዱ፦

«ነገ የእድር ስብሰባ አለ፣ ይመጣሉ አይደል?»

«እኔ ካልመጣሁ ማን ይመራዋል?»

አዩኝ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ።

ከዚያ ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ያለ እኔ ድንኳን አይተከልም ብያችሁ ነበር። ባለፈው ክረምት ታምሜ ተኝቼ ሳለ ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። በሰዓቱ።

እስቲ ምከሩኝ፤ ነገ ስብሰባው መሀል ላይ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ ይሄድ እንደሆነ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?