የጋሼ ሙላቱ ጡብ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ኖሮ አያውቅም። እኛ ሰፈር ከወጋውም ከተወጋውም አብልጦ የሚያስታውሰው፣ በቦታው ያልነበረው ሰው ነው።

እኔና ጋሼ ሙላቱ አንድ ግቢ ተከራይተን በአንዲት የኒም ዛፍ ጥላ ዓመት ሙሉ ተኳርፈናል። የካርቱምን ፀሐይ ለቀመሰ ሰው ጥላ ርስት ነው፤ አያቶቻችን ደግሞ በርስት ስንት ጊዜ እንደተጋደሉ እኔ አልነግራችሁም። አንድ ቅዳሜ አልጋዬን ወደ ግንዱ አስጠግቼ ጋደም ከማለቴ ጋሼ ሙላቱ ጡብ አንስተው ግንባሬን ፈነከቱኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ምንም አልጨመርኩበትም፤ ደሙም የራሴ ነበር።

ተሰፍቼ ስመለስ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከጋሼ ሙላቱ አፍ «ይቅርታ» የምትል ቃል። ወሬው ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ጀብራ ሰፈር ፀጉሬን ልስተካከል ብገባ፣ ጡቡ ከእጃቸው አምልጦ ኖሯል! ወሬው ማዮ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ እኔው ራሴ በግንባሬ ጡቡን መትቼው አረፍኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከቁስሉ ይልቅ ይሄ ከፋኝ።

የባሰው የመጣው ሃፍላ፣ የዘፈን ድግስ ላይ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፣ ወላሂ ጋሼ ሙላቱ ያሳዝናሉ፣ መስኪን፣ በስተርጅና ጥላቸውን ተቀምተው ፀሐይ ሲጠብሳቸው ከርመው፣ እጃቸው ዛሬም ይንቀጠቀጣል አሉ፣ ያ ባለጌ ግን እንቅልፉን ይለጥጣል እያለች ታወራለች። ኮፍያዬን ፋሻዬ ላይ ዝቅ አደረግሁ። ዞር ብላ፣ አይደለም እንዴ ወንድሜ ብትለኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ እንባዬ መጣ። ሰውዬው በጣም ነውረኛ ነው አልኳት፤ ከልቤ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎች ተቀመጡ። እንደ አገራችን ደንብ በዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል። አሸዋ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከግቢው ጡብ ተፈልጎ መጣ። ሳየው አወቅሁት፤ ጠርዙ ላይ የጠቆረችው ነጠብጣብ የኔው ናት። ልቤን ሞቅ አለው፤ «ይቅር ለእግዜር» ለማለት ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ትልቁ ሽማግሌ፣ እንግዲህ ልጄ፣ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል አሉና ጡቡን አንገቴ ላይ አኖሩት።

ጋሼ ሙላቱ ግን ደግ ሰው ናቸው፤ ብዙ ሳያስለምኑ ይቅር አሉኝ።