ክቡር ጆሮና የሳሎኑ ግድግዳ

ድምፅ አልጥም ያለው ባል ያላገባች ሴት፣ ትዳር ከበደኝ ብላ ባታወራ ይሻላል። የሌላዋ ባል አምሽቶ እየገባ ያበሳጫል፤ የዚህች መምህርት ባል ግን በጊዜ እየገባ ነው የሚያበሳጨው።

ጎረቤቶቹ “ክቡር ጆሮ” ይሉታል። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ከምታህል ክፍተት ጋር ሲታገል ይውልና፣ ማታ ያቺኑ ክፍተት ሳሎኑ ውስጥ ከሚከፍተው ዘፈን ድምፅ ይፈልጋል። መጀመሪያ ስፒከሮቹ ሥር ቡሽ አደረገ። ቡሹ “ድምፁን አሰነፈው” ተባለና በጎማ ተተካ። ጎማውም አልበረከተ። ማዕዘኖቹ ስፖንጅ ለበሱ። የሠርጋቸው ፎቶ “መስታወቱ ያንጫርራል” ተብሎ አልጋ ሥር ገባና በቦታው በጨርቅ የተለበጠ ሰሌዳ ተሰቀለ። አንድ ነገር በለጠፈ ቁጥር ያንኑ አንድ የሚወደውን ዘፈን ከፍቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይጠይቃታል።

“ልዩነቱን ሰማሽ?”

“ሰማሁ።”

“ምኑን?”

“ልዩነቱን።”

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት የምትሰማው ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችውን የስልሳ ተማሪ ጫጫታ ብቻ ነው። ቤት ገብታም ጩኸት አይቀርላትም። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ጆሯቸው ከደከመ አራት ዓመቱ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ገዝተውላቸው፣ “ጭንቅላቴ ውስጥ ገበያ ቆመ” ብለው አወለቁት።

“እማማ፣ መድኃኒትዎን ዋጡ?”

“ማን መጣ?”

ሦስት ጊዜ ጮኻ፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሮ፣ በመጨረሻ ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ ታኖረዋለች። አንድ ማረፊያ ብቻ ነበራት፦ እፊታቸው ተቀምጣ፣ በለሆሳስ እንዳሻት ማጉረምረም።

አንድ ቅዳሜ ክቡርነታቸው መሰላል ላይ ወጥተው ጣሪያው ላይ ስፖንጅ ይለጥፋሉ። እሷ ፈተና እያረመች፣ “አሁንስ መረረኝ” አለች ለራሷ። “እናትየው አይሰሙ፣ ልጅየው መስማት አይበቃው!”

“እውነትሽን ነው” አሉ አማቷ ከፊት ለፊቷ።

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። “እ... ሰሙኝ እንዴ?”

“ረቡዕ ያ ወፍራም መጋረጃ ከተሰቀለ ጀምሮ እሰማሻለሁ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?”

“ደክሞሻል፣ ልጄ። ይውጣላት ብዬ ነዋ።”

መምህርቷ የምትገባበት ጠፋት። ባሏ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ አስረዳ፦ ቃሉ ባዶ ግድግዳ እየመታ ተመልሶ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቅ ነበር፤ አሁን መመለሱ ቀረ።

“ለእማማ ብለህ ነው ይሄን ሁሉ?” አለችው፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ።

“ኧረ ለቤዙ፣ ለወፍራሙ ድምፅ ነው!” አለ ክቡር ጆሮ። መዋሸት አያውቅበትም።

ያን ቀን ሁለቱ ሴቶች ድምፃቸውን ሳያነሱ እስኪመሽ አወሩ። አሮጊቷ ጨዋታው ሳይገባቸው፣ ሰው ሲስቅ አይተው ሲስቁ መክረማቸውን ነገሯት። እሱ ዘፈኑን ከፍቶ፣ “እባካችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ዝም በሉልኝ!” ቢል የሚሰማው አጣ። አጥፍቶት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና እሱም ያዳምጣቸው ጀመር።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ መምህርቷ እግሯን እየጎተተች ወደ ስፖንጅ መሸጫው ጎራ አለች። ለአማቷ መኝታ ቤት ወፈር ያለውን መረጠች።

“ለፍራሽ ነው?” አላት ባለሱቁ።

“ለግድግዳ።”

ባለሱቁ ባሏን በደንብ ያውቀዋል። ከላይ እስከ ታች አያትና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። “በሽታው እርስዎንም ያዘዎት?”