ሐኪም የሚመስለው ሰው

ካርታ ሠሪዎች ስሟን ለመጻፍ ቦታ ባጡላት በዚያች አገር፣ ገዥው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ እህል አስተያየት መስጠት ደስ አይላቸውም ነበር፤ ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ግን የማይሉት አልነበረም። የሚሉትንም ሁሉ አንድ ጸሐፊ ከሶፋው ጀርባ ቆሞ ይመዘግብ ነበርና፣ ማታ ቆሎ እየቆረጠሙ ጣል ያደረጓት ቃል ጧት ማኅተም አርፎባት ትወጣለች።

በዚያ ዘመን ምትኬ የሚባል ተዋናይ ነበረ። በሐሙሱ ድራማ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐኪም ሆኖ ከመጫወቱ በቀር ከሕክምና ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ደም ሲያይ ይወድቃል። አንድ ሐሙስ ገዥው «ይህ ሰውዬ እኮ ከእኛ ሐኪሞች ይሻላል» አሉ። ዓርብ ጧት ምትኬ የትልቁ ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ደብዳቤውን ይዞ ወደ ሚኒስትሩ ሮጠ። ተዋናይ ብቻ መሆኑን፣ ነጩ ጋዋን እንኳ የድራማው ንብረት መሆኑን አስረዳ። ሚኒስትሩ በትዕግሥት አዳመጡትና፣ «በድራማው ክፍል አሥራ አንድ ላይም ሹመቱን አልቀበልም ብለህ ነበር፤ ከዚያ ተቀበልክ። ገዥያችን ያቺን ትዕይንት በጣም ነው የወደዷት» አሉት።

ሆስፒታል ሲደርስ ዶክተር ስንዱ ዕቃዋን በካርቶን ስትከት አገኛት። ሃያ ዓመት በዚያ ቤት ስትቀድና ስትሰፋ የኖረች ሐኪም ናት። እሷም ደብዳቤ ደርሷት ነበር፤ በድራማው የተጓደለውን የሐኪም ቦታ እንድትሞላ ተዛውራለች።

የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሆዱን ይዞ የተጣጠፈ ሸክላ ሠሪ ነበር። ስንዱ ካርቶኗን አስቀምጣ ሆዱን ዳበሰችና ትርፍ አንጀት ስለሆነ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል አለች። ሸክላ ሠሪው አሻፈረኝ አለ።

«እሷ ስለ በሽታ የምታወራው እንደ ሽንኩርት ዋጋ ነው» አለ ወደ ምትኬ ዞሮ። «እርስዎ ግን መጀመሪያ መነጽርዎን ያወልቃሉ።»

ምትኬ መስታወት የሌለውን መነጽሩን አወለቀ፤ ጥቂት ተከዘ፤ በዚያ ጎርናና ድምፁም የስንዱን ቃል አንድም ሳያስቀር ደገመው። ሸክላ ሠሪው እንባ አቅርሮ እሺ አለ። ስንዱ ቀደደች፤ ምትኬ ደሙን ሲያይ በሩ ሥር ተዘረረ። ነርሶቹ ለሕመምተኛ ካለው ርኅራኄ የተነሣ ነው ብለው አወሩለት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ተስማሙ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሠራለች፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ ቀረጻ ትሄዳለች። ሰዉም ይድን ነበር። ነገሩ የተበላሸው ድራማው ላይ ነው። ስንዱ ካሜራ ፊት እጇን አምስት ደቂቃ ትታጠባለች፤ ሕመምተኛውን ከመቼ ጀምሮ እንዳመመው ትጠይቃለች፤ ይባስ ብላ መልሱን ትጽፋለች። በታክሲውም በጸጉር ቤቱም ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሆነ፦ ትወናዋ አያሳምንም፣ ፊቷም ሐኪም አይመስልም፣ ሰው ሲሞትባት እንኳ ወደ ኮሪደር ወጥታ ግድግዳ አትደገፍም። በሦስተኛው ሐሙስ ገዥው፣ «ይህች ሴት በሆስፒታል ደጃፍ እንኳ አልፋ አታውቅም» አሉ።

ጧት ዐዋጅ ወጣ፤ ስንዱ በድራማም ሆነ በሆስፒታል ሐኪም እንዳትሆን ተከለከለች።

ምትኬ ይህን ሲሰማ አላስችል አለው። ቤተ መንግሥት ገብቶ ገዥው እግር ሥር ተንበረከከና እውነቱን ዘረገፈው። በሕይወቱ አንድም ሰው አድኖ እንደማያውቅ፣ ያዳነችው እሷ እንደሆነች ተናገረ፤ እሱን ሽረው እሷን እንዲመልሱም ለመነ። እንባው ወረደ፤ ያን ዕለት እንባ እንዲያመጣ ያዘዘው አዘጋጅ አልነበረም።

ገዥው ራሳቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጻፍ» አሉት ጸሐፊውን። «እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ይኼኛው በለጠ። በተለይ ልመናው።»

በዚህም መሠረት ምትኬ ሜዳልያ ተሸለመ። ስንዱም በልዩ ምሕረት ከእሱ ሥር ሁለት ዓመት ሕክምና እንድትማርና ትወናዋ ሲሻሻል ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተፈቀደላት። ቀዶ ጥገና የሚጠብቁት ሕመምተኞች እስከዚያው እንዲታገሡ ተነገራቸው። እነሱም ሐሙስ ማታ ትራሳቸውን ከፍ አድርገው ቴሌቪዥኑን ሲመለከቱ፣ በስንዱ ቦታ የተተካው ተዋናይ ከእሷ በብዙ እንደሚሻል ያለ አንዳች ልዩነት ተስማሙ።